ክንፉ በጀርባው ነው

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ «መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ስም ስጡ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼያለሁ። ቅጠሉን ሳያገላብጥ ስሙን ሊነግረኝ የሚሽቀዳደም ተማሪ ካለ አልምረውም። እንዲህ ያልኩት እኔ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጉርድ ሾላ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳላይ ስም ሰጠሁ። ያውም አባቴን ሰው ፊት ውሸታም አድርጌ። ይኸው ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ከደሴ ወጥቶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ዕድሜውን የጨረሰው መሪ ጨብጦ ነው። አሰብም ሞያሌም ሄዷል፤ ከሁሉ አብልጦ የተመላለሰው ግን ጋምቤላ ነው። ልጆች ሳለን ከዚያ ሲመለስ ማንጎ በጆንያ ያመጣልን ነበር፤ ከማንጎው ጋር ደግሞ ወሬ። ባሮ ወንዝ ዳር መኪናውን አቁሞ ያየውን፣ የበላውን፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ ሁሉ ይነግረናል። ደጋግሞ የሚያወራው ግን ስለ አንድ ዓሣ ነበር። ፊቱን ሳያዞር ወደኋላ ይዋኛል፣ ጭራው እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኖ ያልቃል። «የኋላ ማርሽ አለው፣ ወላሂ!» ይላል፣ በእጁ ማርሹን እየጎተተ። እኛ በሳቅ እንሞታለን።

ታላቅ ወንድሜ «የአባዬ ዓሣ» ብሎ ስም አወጣለት። ቤታችን ውስጥ ሰው ነገር ሲያጋንን «ኧረ የአባዬ ዓሣ መጣ!» ማለት ልማድ ሆነ። አባዬም አብሮን ይስቅ ነበር። ያኔ ቢሳቅበት ምን ይጎዳዋል? ቤት የሚያስተዳድር፣ ሲወጣም ሲገባም ማንም «ወዴት?» የማይለው ሰው ነበር።

አሁን ሰማንያን ተሻግሯል። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ጓዜን ጠቅልዬ ጉርድ ሾላ ካለው የድሮ ቤታችን ገብቻለሁ፤ ሁለታችን ነን የምንኖረው። አልዋሽም፣ አባዬ ይረሳል። ሻይ ውስጥ ስኳር ብሎ ጨው ይጨምራል። እኔን በእናቴ ስም ይጠራኛል፤ ሲጠራኝ ደግሞ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ አይቼ ማረም ያቅተኛል። አንድ ቀን ለዙህር ሰላት መስጊድ ብሎ ወጥቶ ዓስር ካለፈ በኋላ አንድ የማናውቀው ባለታክሲ ከመገናኛ ወዲያ አግኝቶት አመጣልን።

ወንድሜ ቦሌ ለሚ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሥራው ሸሚዝ አገላብጦ ስህተት መፈለግ ነው፤ የዘለለ ስፌት፣ የተንጋደደ ቁልፍ። ከባለታክሲው ወዲህ ሥራውን ወደ ቤት ይዞት መጣ። ስልኩ ላይ ዝርዝር ከፈተ። «ጨው በሻይ።» «ጫማ ግራና ቀኝ።» «የልጄን ስም ሁለቴ ጠየቀ።» በመጣ ቁጥር ያነብልኛል። አንድ ቀን «ሌላ አንድ ነገር ከተደገመ የግቢውን ቁልፍ እንወስድበታለን፤ ብቻውን መውጣት ያበቃል» አለኝ። አባቴ እስረኛ አይደለም ብዬ ተንጨረጨርኩ። ከዚያ ግን ደከመኝና «እሺ» አልኩት።

ቁልፉ ለአባዬ ምን እንደሆነ ልናገር። የግቢውን ቁልፍ ድሮ የመኪናውን ቁልፍ ይይዝበት በነበረው የቆዳ ማንጠልጠያ ነው የሚይዘው። ጠዋት ሱብሂን ሰግዶ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ይወጣል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጡረታ የወጡ ሹፌር ጓደኞቹ ይጠብቁታል። ስለ ጎማ፣ ስለ ዳገት፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ያወራሉ። ለምሳ ሲመለስ በሩን ራሱ ይከፍታል። ከነበረው ኑሮ ይቺ ብቻ ናት የቀረችለት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በኛ አገር ሽማግሌ ፊት ለፊት አይቃወሙም። «ተሳስተሃል» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ምን ይባላል? «እሺ።» ዝናብ ሊመጣ ነው ሲል «እሺ አባዬ»፤ መንገዱ በዚህ ነው ሲል «እሺ አባዬ»፤ ከዚያ እጁን ይዞ በሌላው መንገድ መውሰድ። ድሮ እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል ነበር። የኛ እሺ ግን ሰውን በቁሙ መቅበሪያ ሆናለች። አባዬ ሲናገር ልብ ብዬ ከሰማሁት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ እሺ ስለው ግን አንድም ቀን አላጓደልኩም።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ። መነጽሩን ልናስተካክል ወጥተን ስንመለስ አባዬ አንድ አዲስ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጠፈ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የመስታወት ገንዳ ነው፤ ቀይ ዓሣ፣ ቢጫ ዓሣ፣ አረፋ የሚተፋ ቱቦ። «እንግባ» አለኝ። ገባን። ባለሱቁ ቀና ብሎ ሲያየኝ «ቲቸር!» ብሎ ዘሎ መጣ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ቦርጭ አውጥቷል፣ የልጅ አባት ሆኗል። ጎንበስ ብሎ አባዬን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሱቁ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቦሌ አዲስ ለገቡበት ቤት ሳሎን የሚሆን ዓሣ እየመረጡ ነው፤ «ማንም ዘንድ የሌለ ነገር» እያለች ነበር ሚስትየው።

ባለሱቁም አንድ ለብቻው የተቀመጠ ዓሣ እያሳያቸው ነበር። ርዝመቱ ስንዝር ተኩል ይሆናል፤ እንደ ቢላ ጠፍጠፍና ሾጠጥ ያለ። ገንዳው ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ብላክ ጎስት ናይፍ ፊሽ። ከውጭ የመጣ።»

አባዬ መነጽሩን ገፋ አደረገና አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

«ይኼማ የባሮው ነው! የኔ ልጅ፣ ነይ እዪ፣ የኋላ ማርሹን እዪ! አላልኳችሁም ነበር?»

ዞሮ ለባልና ሚስቱ ያስረዳቸው ጀመር። የባሮ ዳር ሰዎች እንዴት በጀልባ እንደሚያጠምዱት፣ ሥጋው እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ አንዱን ትልቅ አድርቀው ሰጥተውት በመኪናው ጭኖት እንደመጣ። የሰውየው ፊት ተቀየረ። «ከውጭ ነው የመጣው አላልከንም?» አለ ወደ ባለሱቁ ዞሮ። ባለሱቁ ላብ ላብ አለው።

«እሺ አባባ፣ እሺ» አለ አባዬን ትከሻውን እየዳበሰ። «ከውጭ ነው ጌታዬ፣ ወረቀቱ ላይ አለ።»

«እሺ አትበለኝ!» አባዬ ጮኸ። «በልቼዋለሁ እኮ ነው የምልህ! የበላሁትን ዓሣ አላውቀውም?»

እኔ ምን ተሰማኝ? አፈርኩ። ባባቴ አፈርኩ፤ እንዲህ ነው ነገሩ፣ ላለባብሰው አልችልም። የባለታክሲው ቀን፣ የወንድሜ ዝርዝር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ባለሱቁ ደግሞ በዚህ መሃል «እስቲ ቲቸር ይፍረዱን፤ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አለ ለሰዎቹ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ስልኬን አወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ጻፍኩ። ፎቶ መጣ፤ ጥቁር፣ ቢላ የመሰለ፣ ረጅም የሚርገበገብ ክንፍ ያለው። ወደኋላም ይዋኛል ይላል። በቃ! ስልኩን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ። ዓሣውን አላየሁትም። እዚያው፣ ካፍንጫዬ ሥር እያለ፣ አላየሁትም! ቀለሙ ግራጫ መሆኑን እንኳ «ገና ጫጩት ስለሆነ ይሆናል» ብዬ በሆዴ ዘጋሁት። ከዚያ በክፍል ድምፄ እንዲህ አልኩ፦

«አባዬ፣ ይኼ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። ባሮ ውስጥ የለም።»

አባዬ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። አልጮኸም። «ክንፉን እዪው» አለኝ። «ክንፉ በጀርባው ነው።»

«እሺ አባዬ» አልኩት። «እንሂድ በቃ።»

ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ከኋላችን ሚስትየው «ውይ፣ ያሳዝናሉ» ስትል ሰማሁ። ምን አባቷ ያሳዝናታል!

ቤት ስንገባ ሳሎን ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት ማረም ጀመርኩ። አባዬ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ከመድኃኒት ቤት የተሰጠ ወረቀት ገልብጦ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ፣ ምላሱን ባፉ ጥግ እያወጣ ሲስል ቆየ። ሲጨርስ አምጥቶ ፈተናው ላይ አስቀመጠልኝ። ዓሣ ነው። መስመሩ ተንጋዷል፤ ግን ከአንገቱ ጀምሮ በጀርባው ሙሉ የተዘረጋ ክንፍ አለው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ጭራው እንደ ጅራፍ ጫፍ ሾሏል።

በእጄ ቀዩ እስክሪብቶ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? የጀርባውን ክንፍ በቀይ ሰረዝኩት። ቀስት ስቤ ከሆዱ ሥር አዲስ ክንፍ ሳልኩለት። «እዚህ ጋ ነው አባዬ» አልኩት፣ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንደምለው ለስለስ ብዬ። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይቺን እጄን አንዳንዴ መቁረጥ ያምረኛል።

ይኼ እንዳይበቃኝ ማታውን ለወንድሜ ደወልኩ። ማን ደውዪ አለኝ? «ዛሬ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ጮኸ፤ ያንን ዓሣ አየሁት አለ» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወንድሜ አልሳቀም። «የአባዬን ዓሣ?» አለ። ስልኩ ላይ ሲጽፈው ታየኝ።

እሑድ ጠዋት ቁልፍ ሠሪ ይዞ መጣ። የግቢውን በር ቁልፍ ነቅለው አዲስ ገጠሙ። አባዬ አጠገባቸው ቆሞ ያያል፤ እንዲያውም መፍቻ ያቀብላቸው ነበር፣ የተበላሸ መስሎት። ሲጨርሱ ወንድሜ አንዱን ቁልፍ ለኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ኪሱ ከተተ። አባዬ የቆዳ ማንጠልጠያውን ይዞ እጁን ዘረጋ።

«የኔስ?»

«እሺ አባዬ፣ ይቀረጽልሃል» አለው ወንድሜ።

የኔ ወንድም ክፉ ሰው አይደለም። መኪና እንዳይገጨው፣ መንገድ እንዳይጠፋው ነው የፈራው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ያን «እሺ» ሲለው ቁልፍ እንደማይቀረጽ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ አባዬ ብቻ አያውቅም ብለን ነበር ያሰብነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አባዬ በየጠዋቱ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ድረስ ይሄዳል። እጀታውን ይነካል፣ ይገፋል፣ ይቆማል። ከዚያ ተመልሶ ቅጠል እንደወደቀበት ያህል ጃኬቱን አራግፎ ይሰቅላል። ሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሹፌር ጓደኛው መጥቶ በር አንኳኳ፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። በበሩ ክፍተት አውርተው ሄደ። ሰውየው እንዳልተመለሰ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ «ምን ሆናችሁ፣ ሽማግሌውን እንደ ዕቃ ቆለፋችሁበት?» አለችኝ ፊት ለፊት። «አንቺ ምን አገባሽ!» ብዬ ዘጋኋት። ልክ ስለነበረች ነው የተናደድኩት። ሦስተኛው ሳምንት አባዬ ወደ በሩ መሄድ ተወ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ተላመደ» አልኩ። አልሃምዱሊላህም ብያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ማክሰኞ ስለ ዓሣ ሳስተምር ነበር። በየዓመቱ የምስለውን ዓሣ ሰሌዳ ላይ ሳልኩ። የጀርባ ክንፍ፣ የሆድ ክንፍ፣ የጭራ ክንፍ እያልኩ እጽፋለሁ። እንደ ልማዴ «አንዳንዱ ዓሣ ግን ይለያል» ብዬ ያንን የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ጎኑ ሳልኩት፤ ሰሞኑን ስላየሁት አይደል! ክንፉን ከሆዱ ሥር ከዳር እስከ ዳር ሳብኩት። ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳላነሳ ደርቄ ቀረሁ። የአባዬ ዓሣ ሆዱ ባዶ ነበር። የሱቁስ? የሱቁ ዓሣ ክንፉ የት ነበር? አይኔን ጨፍኜ አሰብኩ፤ ወረቀቱ ይታየኛል፣ የስልኬ ፎቶ ይታየኛል፣ ዓሣው አይታየኝም። እንዴት ይታየኝ! ካላየሁት?

ትምህርቱ እንዳለቀ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በረርኩ። ጉርድ ሾላ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ባለሱቁ ጄኔሬተር ሊያስነሳ ከሱቁ ጀርባ ገብቶ ይታገላል። ሰላም አላልኩትም። ቀጥ ብዬ ገንዳው ጋ ሄጄ ተንበረከክሁ፣ የስልኬን መብራት አበራሁ፣ ከማርክ መያዣ ደብተሬ ላይ ወረቀት ቀደድኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አሁን አየሁት።

አካሉ ግራጫ ነው፤ ጥቁር አይደለም። ዓይኑ የመርፌ ጭንቅላት ታክላለች። ፎቶው ላይ ያለው ጭራው ላይ ነጭ ቀለበት አለው፤ ይኼ የለውም። የጭራ ክንፍ የለውም፤ ሰውነቱ እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኖ ያልቃል። ሆዱን ከላይ እስከ ታች በመብራቱ ተከተልኩት፤ ልሙጥ ነው፣ አንድም ክንፍ የለበትም። ከዚያ መብራቱን ከፍ አደረግኩ። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጭራው አካባቢ፣ በጀርባው ላይ፣ አንድ ረጅም ክንፍ እየተርገበገበ ነበር። ዓሣው መብራቱን ሸሽቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ወደኋላ ሄደ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ፈለግኩት፤ አሁን ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ያየሁትን ጻፍኩ። በናይል ወንዝና በገባሮቹ የሚኖር፣ በጀርባው ብቻ ረጅም ክንፍ ያለው፣ ከውሃው ብቅ እያለ አየር የሚስብ፣ ሲያድግ የሰው ቁመት ሊጠጋ የሚችል ዓሣ። ሰዎች አጥምደው ይበሉታል። ባሮ የማን ገባር ነው? የናይል! በየዓመቱ የማስተምረው ጂኦግራፊ ባይሆንም ይኼን ሕፃንም ያውቀዋል።

ባለሱቁ ጄኔሬተሩን አስነስቶ እጁን እየጠራረገ መጣ። ወለል ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ይኼ ዓሣ ከየት ነው የመጣው?» አልኩት።

«ከውጭ ነው፣ ቲቸር።»

«እንደገና ልጠይቅህ። ከየት ነው የመጣው?»

ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። «አንድ ጋምቤላ የሚመላለስ ሹፌር ነው በጄሪካን ያመጣልኝ» አለ በመጨረሻ። «ከሌላ ዓሣ ጋር ቀላቅሎ። እኔም ስሙን አላውቀው፤ ቢላ ስለሚመስል የዚያኛውን ጻፍኩበት። የኛ አገር ዓሣ ነው ብል ማን ዞር ብሎ ያየዋል፣ ቲቸር? ሰው የሚፈልገው የውጭ ነው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ይኼን ለመናገር እንኳ ትዕግሥት አልነበረኝም። «ያን ቀን!» አልኩት። «አባቴ ሲነግርህ ታውቅ ነበር! እውነቱን ነው ብለህ አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

«እኔማ ልናገር ነበር» አለ ድምፁ እየሰለለ። «እርስዎ ቀድመው ተናገሩ። እርስዎ ከፈረዱ በኋላ ሰው ፊት አስተማሪዬን… ነውር ነው፣ ቲቸር። እንዴት አርማለሁ?»

«ነውር?» ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ፤ ገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ሳይቀሩ ወደ ጥግ ሸሹ። «ሽማግሌ ልጁ ፊት እብድ ሲባል ቆሞ ማየት ነውር አይደለም? እሺ አባባ፣ እሺ አባባ እያልክ ትከሻውን ስትዳብስ አላፈርክም? እኔን ማረም ነው ነውሩ? እንኳን አንተ፣ ድመት ብታርመኝ ይገባኝ ነበር!»

ምን ይመልሳል? የሚመልሰው እኔ ያስተማርኩትን ነው። አራት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ሲናገር ዝም በሉ ብዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ፣ ገንዳው ላይ የተለጠፈውን በሙሉ ሰረዝኩና ከሥሩ «የባሮ ዓሣ» ብዬ ጻፍኩ። «እንዳታነሳው!» አልኩት።

«እሺ፣ ቲቸር» አለኝ። እንደሚያነሳው ከድምፁ አወቅሁ።

መንገድ ላይ ቆሜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ከላይ ባቡሩ ያልፋል፣ ከሥር ረዳቶች ይጮሃሉ፤ እኔ ከሁሉም በላይ እጮሃለሁ። «ዓሣው የባሮ ነው! አባዬ ልክ ነበር! ክንፉን ቆጥሬ አይቼዋለሁ!» ወንድሜ «ታዲያ አንድ ዓሣ ልክ ቢል ጨውስ? መገናኛስ?» አለኝ።

«ጨውንም ጻፍ፣ መገናኛንም ጻፍ!» አልኩት። «ልክ ያለውን የምትጽፍበት ገጽ የት አለ? አሥር ነገር ስለረሳ የሚያውቀውን አሥራ አንደኛውን ማነው የነጠቀው? ከልጅነታችን ጀምሮ ስንስቅበት የኖርነው ዓሣ በሕይወት አለ፣ ወንድሜ፤ ጉርድ ሾላ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል!»

«እሺ» አለኝ። «ማታ እናወራለን።» ስልኩን ዘጋሁበት። ማንም እንዲፈቅድልኝ አልጠበቅኩም፤ ጣቢያው አጠገብ ካለው ቁልፍ ሠሪ የኔን አስቀርጬ አዲሱን ቁልፍ በመዳፌ ጨብጬ እየሮጥኩ ገባሁ። እጄ ላይ እስኪሞቅ ጨብጬዋለሁ።

አባዬ ግቢው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጃኬቱን አልለበሰም። ፊቱን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግንቡ አዙሯል። እግሩ ሥር ተንበረከክሁና ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ስለ ሆዱ፣ ስለ ጭራው፣ ስለ ጄሪካኑ፣ ስለ ሹፌሩ። የሳልኩትን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለት። «ይቅር በለኝ አባዬ» አልኩት፣ እያለቀስኩ። «ልክ ነበርክ። የባሮው ነው።»

ወረቀቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እጁን ኪሱ ከቶ የታጠፈ ነገር አወጣና ዘርግቶ ሰጠኝ። ዓሣ ነው። አዲስ ነው፤ መስመሩ ከመጀመሪያው ይልቅ የተስተካከለ፣ ብዙ ጊዜ ተለማምዶ የሣለው። ክንፉ ከሆዱ ሥር ነበር።

«አስተካክዬዋለሁ እኮ» አለኝ። «አንቺ እንዳልሽው።»

«አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «አይደለም አባዬ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! በጀርባው ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ በጀርባው ነው!» ትከሻውን ይዤ እየነቀነቅኩት ነበር። ቁልፉን በመዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸው ቁልፍህ። ተነስና አብረን ሄደን እንየው። አሁኑኑ!»

አባዬ አልተነሳም። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ደስታም የለም። ፀጉሬን ዳበሰኝ፤ ያመመው ሰው እንደሚዳበስ፣ ቀስ አድርጎ።

«እሺ ልጄ» አለኝ። «እሺ፣ እሺ። ተረጋጊ።»

ከዚያ እጄን ገልጦ ቁልፉን መልሶ አስቀመጠበትና ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፈልኝ።

«አንቺ ያዢው» አለ። «እኔ እረሳዋለሁ።»